ሦስተኛው ደህና ነው

ከሌሊቱ ስምንት። ጅማ በዝናብ ውስጥ።
ከጅሬን ቁልቁለት ጭቃው የሚያዳልጥ።
ስልኬ ጮኸ። ረምላ ናት፣ የካርድ ክፍል ተረኛ፤
«አንዱ ሰው ይገባል፣ ይገባል ሁለተኛ፣
ሦስተኛው ሲመጣ ነጭ ገጽ ይወጣል፣
አምስት መቶ ምናምን የሚል ቁጥር ያመጣል።
እናት ልጇን ታቅፋ ወንበር ላይ ትጠብቃለች፣
ደግሜ ስሞክር ማሽኗ ትሠራለች።»

በሩ ላይ አባ ዲጋ፣ ካፖርት ተከናንበው፤
«ደህና አመሹ?» ብላቸው፣ «ደህና» አሉ፣ ሳል ይዟቸው።

ሦስት ሰርቨሮች አሉ፣ ከጀርባ የሚሠሩ፤
ከፊት አንድ ፕሮክሲ፣ የቆመ ከበሩ፤
እንግዳ ተቀባይ፣ ሥራ አከፋፋይ፣
ላንዱ፣ ለሌላው፣ ለሦስተኛው፣ ሳያዳላ፣ ፊት ሳያይ።
በየአምስት ሰከንዱ አንገቱን አስግጎ
«አላችሁ?» ይላቸዋል፣ እንደ ጎረቤት፣ ሰላምታ አድርጎ።
አንደኛው «አለሁ» ይላል። ሁለተኛው፣ «አለሁ»።
ሦስተኛውም ፈጥኖ፦ «ደህና ነኝ፣ ደህና አለሁ»።

ሰሌዳው አረንጓዴ። ሦስቱም አረንጓዴ።
መስመሩን ጠረጠርኩ። ገመድ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤
የፕሮክሲውን ሰዓት ጨመርኩ፣ ቀነስኩ፣ ነካካሁ።
መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አጉረመረመ፤
ያው ሦስተኛው ሰው፣ ያው ነጭ ገጽ ላይ ቆመ።

ያኔ ሎጉን ከፈትኩ፣ መስመር በመስመር፣
ጣቴን እያስኬድኩ እንደ ዕቁብ ደብተር።
ለሰላምታው ሁሉ ሦስተኛው «ሁለት መቶ»፤
ለሥራ ሲጠሩት ዝም፣ ትንፋሹ ተዘግቶ።
ወደ ውስጡ ገባሁ። ዲስኩ ሞልቷል ጢም ብሎ፣
ሎጉን ሲቸከችክ ዓመት ሙሉ ውሎ፤
አንዲት ስም የሚጽፍባት ስንዝር ቦታ የለው፣
«ደህና ነኝ» ለማለት ግን ቦታ አያስፈልገው።

ሦስት ዓመት ይሆናል፣ ቸኩዬ፣ ዓርብ ማታ፣
ያቺን አጭር ጥያቄ የጻፍኳት ለሰላምታ
እኔው ነኝ።
«አለህ?» ብቻ። ሌላ ምንም።

አሁን ለወጥኳት። «አለህ?» መባሉ ቀረ፤
«አንድ ካርድ ጻፍ፣ መልሰህ አንብብ» ብሎ ፕሮክሲው ሞከረ።
ሦስተኛው ዝም አለ፣ ሰሌዳው ላይ ቀላ፤
በቀይ ደስ ብሎኝ አያውቅም ከዚህ ሌላ።
ሁለቱ ሸክሙን ያዙ። እኔ አሮጌ ሎግ ስጠርግ
ረምላ ብቅ ብላ «ልጁ ገብቷል» አለች፤
ተመልሳ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች አንቀላፋች።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ፣ በቦዬ በኩል ጉም፤
የመጀመሪያው ባጃጅ ኩሬ እየሰነጠቀ።
ከበሩ አባ ዲጋ ካፖርቱን ሲያጥፉ
«እንዴት አደሩ?» አልኩ። «ደህና» አሉ፣ ሊያልፉ።

አላሳለፍኳቸውም።
«አባ ዲጋ፣ ማታ ይቺን ደረጃ ሲወጡ
ስንት ጊዜ አረፉ?»
ዝም አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣
ውስጡን አዩ፣ መልሰው አጠለቁ።
«ሦስቴ» አሉ በስተመጨረሻ።
«ሦስቴ አረፍኩ።»

ረምላን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኩ።
ሲስተሙ ይሠራ ነበር።
አንድ ካርድ አስከፈትኩ።