አንድ ንጉሥ ዳዊት

የሌሊት ፈረቃ አሥራ ሁለት ሲል ያልቃል፤
ማሽኑ ዝም ቢልም ጆሮዬ ይጮኻል።
ሃያ ስድስት ዓመት ከመሸመኛው ሥር
ቆሜ የተረፈኝ ጭው የሚል ጆሮ ነው፤ በጢሜም ላይ ክር።

በቦርከና ድልድይ ጉም አለ ዘወትር፤
ሳይክሌን እየገፋሁ የሰው ጥላ ስቆጥር
ባዶው የምሳ ዕቃ በመሪው ላይ ያንቃጭላል፤
የሚሰማው ሌላ ሰው ነው፣ ለእኔ ብቻ ይርገበገባል።
ከሐረጎ የወረደ መኪና የተቃጠለ ፍሬኑ ይሸተኛል፤
ጥሩንባውን ባልሰማ፣ አፍንጫዬ ዳር ያስይዘኛል።

ቤት ስደርስ
እንቅልፍ ደጃፉ ላይ እንደ አበዳሪ ቆሟል፤
«ክፈለኝ» ይለኛል።
እኔ ግን ሌላ ዕዳ አለብኝ፣ ከሱ የሚቀድም፤
አባቴ ሐረጎ አፋፍ ላይ፣ በሞተበት ዓመት ግድም፣
«በቀን አንድ ንጉሥ፤ ብትበላም ባትበላ»
ብሎ ያሸከመኝ። ከዳዊቱ በቀር ርስት አልነበረው ሌላ።

ቆሜ እደግማለሁ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ፤
አንዳንዴ ቃሉ ማር ነው፤ አብዛኛው ጊዜ ግን ድርቅ።
እውነቱን ልናገር፦ ከአሥር ቀን ዘጠኙ
ልቤ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ከንፈሮቼ ብቻ ለምስጋና ተገኙ።
መዝሙሩን በግዕዝ፣ ስንፍናዬን በአማርኛ፣
አንዱን ቁጥር ሁለቴ ስል፣ አንዱን ሳልፈው እንደ መንገደኛ።
በሹክሹክታ ነበር። በሹክሹክታ ይመስለኝ ነበር።
(ጆሮ ሲደፈን ሰው የገዛ ድምፁን በግምት ነው የሚሰፍር።)

ባለፈው ግንቦት ይታይሽን ቀበርኩ።
እስከ አርባዋ ድረስ አንድ ቀን ሳላጎድል ዳዊቱን ደገምኩ፤
ሰው ሁሉ «ብርቱ ነው» ብሎ አደነቀኝ።
አርባዋ ሲወጣ፣ ዘመዱ ሲበተን፣ ያኔ ነው የወደቅኩኝ።
በኀዘን አይደለም፤ በቁጣም አይደለም፤
እንዲሁ በድካም፤ ለሰው የሚነገር ምክንያት እንኳ የለም።
ማኅደሩን ከምስማሩ ሳላወርድ ተኛሁ።
በማግሥቱም ተኛሁ።
በሦስተኛው ቀን «ሰማይ ዝም ብሏል፣ እኔም ዝም ልበል» አልኩ፤
ጉድ እኮ ነው፣ ሰማዩ አልተደረመሰም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ጠገብኩ።

በአምስተኛው ቀን ግድግዳው ተመታ።
ከዚያም በሩ። እትዬ ሉባባ ናት፣ በአንድ ማገር፣ በአንድ ጭቃ የምንዋሰነው፣
የሟቹ የእንድሪስ ሚስት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ዕድሜዋን የማናውቀው።
«ሽመክት፣ ደህና ነህ ወይ?» አለች፣ በሚሻለው ጆሮዬ ጮኻ፤
በእጇ ብርጭቆ ይዛለች፣ የአብሽ ውሃ።
«ሰግጄ ስጋደም ያንተው ድምፅ ነው የሚቀጥል፤
ምን እንደሚል አላውቅም፤ እንደ ወፍጮ ነው፣ ውሃ የሚፈስ ይመስል።
ስታዛጋ እንኳ እሰማለሁ» (ሣቀች፣ አፏን በሻሿ ጋርዳ)፣
«አምስት ቀን ዝም ስትል፣ ሞቶ ይሆን ብዬ ነው የመታሁት ግድግዳ።»

እኔ በሹክሹክታ!
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ለአንድ ለእግዜር ብቻ፣ በስውር፣ በጸጥታ
ያልኩት የመሰለኝ
ለካ ጎረቤት ነው አብሮ የሰማኝ፦
ማዛጋቴን፣ መዝለሌን፣ የደረቀ አፌን።
ዐፈርኩ። ደግሞም፣ እንጃ፣ አንድ ነገር ነካኝ ልቤን።

ክር ሲበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ሥራዬ ያው ነው፦ ጫፉን ፈልጎ መቋጠር።
ጨርቁ ላይ ትንሽ እብጠት ትቀራለች፣ ለሚዳብሳት ጣት የምትናገር።

ማክሰኞ ነበር። የጎደለውን አልቆጠርኩም፤ የዕለት እንጀራ የትናንቱን አይከፍልም።
ከምስማሩ አወረድኩት። ገጹ ላይ ከይታይሽ ጧፍ የወደቀች የሰም ነጥብ አለች፤ አልፋቅኋትም።
ግራ እጄን ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እጄን መጽሐፉ ላይ፣
ጀመርኩ። ቃሉ እንደ ድሮው ደረቅ ነው፤ የተከፈተም የለ ሰማይ።
ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ አዛጋሁ።
ከወዲያ በኩል «ኳ» አለ ግድግዳው፤
በመዳፌ ሰማሁ።