የደቂቃዎች ደብተር

ሞቢል ከተማ፣ አላባማ፤ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ደረጃው ጠባብ፤ ያረጀ ናስ ተለጥፏል በሩ ላይ፤
«ኦፊሊያ ክሬንሾ፣ የሕግ ጠበቃ»።
መስኮቱ ላይ የተሰካው ማቀዝቀዣ እያቃሰተ ሲነቃ፣
ውኃው ጠብ ጠብ ይላል ባልዲው ውስጥ፤
የምደፋው እኔ ነኝ፣ ከገጽ ቁጥር ሳመልጥ።

የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ወንበር ይመርጣል፤
ለበሩ የቀረበውን፤ ለመሄድ እንደቸኮለ ይቀመጣል።
«ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆናል» ብሎ ነው ወሬ የሚጀምር፤
ያን ቃል አልመዘግበውም፤ እንዴት ተብሎ ይሰጠዋል ቁጥር?

ቬርኒስ ታግርት የመጣች ቀን ዝናብ ነበር፤ አልቀመጥም አለች፤
የብየዳ ብልጭታ ያነቆረውን ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች።
«አሥራ አንድ ዓመት የመርከብ ሆድ በየድኩ፤ አንድ ስፌት አልላላብኝም፤
አለቃ ልሁን ብል 'ለቡድኑ አትመቺም' አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጡኝም።
የሴቶች መጸዳጃ አራት መቶ እርምጃ ይርቃል።
ጽሕፈት ቤት ያሉት ነጮቹ ሲመላለሱ ዐይን የሚያነሳ የለም፤
እኔ ስነሳ ግን ሰዓት አብሮኝ ይነሳል፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

የመንግሥቱ ደብዳቤ ዘጠና ቀን ሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ በር ይዘጋል፤
ኦፊሊያ ብዕሯን ነክሳ ታስባለች፤ ሌሊቱ ይነጋል።
በሰማንያ ስምንተኛው ቀን ክሱ ገባ።

ዶይል ፒትማን፣ የፈረቃው ሹም፣ ሰማያዊ ደብተር ነበረው፤
«ወጣች፣ ሦስት ከአሥር፤ ገባች፣ ሦስት ከአሥራ ዘጠኝ» እያለ የሚከትበው።
ሰነፍ ናት ሊሉበት ራሳቸው አመጡት፤ ጋሻችን ነው ብለው፤
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ገጽ፤ ማኅተም መታሁበት አንድ በአንድ ገልጬ ሳየው።
ሌላ ስም ፈለግሁ፤ አርባ ስድስት ሰው በሚሠራበት ፈረቃ፤
አንድም የለም። አንዲት ሴት ብቻ፤ ደቂቃ፣ ደቂቃ፣ ደቂቃ።

ቃሉን የሰጠ ለት ኦፊሊያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«አቶ ፒትማን፣ አርባ አምስቱ ወንዶች ሽንት የላቸውም ወይ?»
የመዝጋቢዋ ጣቶች አየር ላይ ቀሩ።
እሱ ወደ ጠበቃው፤ ጠበቃው ወደ ሰማይ።

ለችሎቱ ሳምንት ሲቀር ከኩባንያው ደብዳቤ መጣ፤
ቤት የሚገዛ ገንዘብ ያለበት፤ «ጥፋት» የሚል ቃል የታጣ፤
ደግሞም ዝም የሚያሰኝ አንቀጽ፤ ለእህቷ እንኳ እንዳታወጣ።
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ከበቅሎ በላይ ታስቆጫለች፤
ያለ ፍርድ የተመለሰች በቅሎስ? እንዴት ትጋለባለች?

ፈረመች። ማንም አይፍረድባት፤
ጉልበቷ አልቋል፤ ልጇ ኮሌጅ ነው፤ የቤት ዕዳ አለባት።
አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ደብተሩን ስጡኝ፤ ደቂቃዎቹ የኔ ናቸው።»
ሰጧት፤ ቀልድ መሰላቸው።

በመስከረም ከመርከቡ ሥር፣ ሃያ እርምጃ ላይ፣ አዲስ ክፍል ተሠራ አሉ፤
ለምን እንደተሠራ አልተጻፈም፤ የሚያውቁት ዝም ይላሉ።
አንዲት አዲስ በያጅ ጓንቷን አውልቃ ትገባለች፣ ትወጣለች፤
ስንት ደቂቃ? እንጃ። እሷም አትቆጥር፤ የቬርኒስን ስም የት ታውቃለች?

ዛሬ ሰኞ ነው። አንድ ሽማግሌ ለበሩ የቀረበውን ወንበር ያያል፤
ባልዲው ሞልቷል፤ ልደፋው ስነሳ፣
«አይቸኩሉ» እለዋለሁ፤ «ሰዓት ከታች ነው፤ እዚህ ቁጭ ይባላል።»