ለጥቂት

ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ውሃ የሚመጣበት ተራችን፤
ቡልቡላ፣ ብሎክ ስልሳ ሁለት፤
ሮቶው ጫፍ ላይ ወጥቼ፣ የላላውን የፕላስቲክ ኳስ
በሽቦ እያሰርኩት።

አውሮፕላን እኛ ሰፈር ዝንብ ነው፤ ማንም ቀና አይልም፤
ሕፃናቱ በድምፁ ይለያሉ፤ ይኼ ጭነት፣ ይኼ ሰው፤
ሲመጣ ወሬ ይቆማል፣ አፍ ተከፍቶ ይጠበቃል፤
ካለፈ በኋላ «እናልህ...» ነው።

ያን ቀን ግን አንዱ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ መብራቱን በጠራራ ፀሐይ አብርቶ፣
ሊያርፍ ዝቅ ብሎ፣ ብሎ፣ ብሎ
ድንገት ጮኸ።
የሚወርድ ነገር እንዲያ አይጮኽም።
አፍንጫውን ቀና፤ የዘረጋውን እግር
እንደ ደነገጠ ቁራ ወደ ሆዱ ሰብስቦ።
ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሌላው፣ ያልጠበቅሁት፣
ነዳጅ ጠጥቶ፣ አስፋልቱን ጨርሶ፣ ተጎትቶ፣
ከሥሩ ብድግ!

ሁለት ነጭ ሆድ፣ አንዱ በአንዱ ጀርባ፤
መሐላቸው ሰማይ ነበር፤ ቀጭን፣
በተዘጋ በር ሥር የሚታይ ብርሃን የሚያህል።
ፒንሳው ከእጄ ወድቆ ሮቶው ውስጥ ገባ።

ከዚያ የላይኛው በክንፉ ተደግፎ ወደ እኛ ታጠፈ፤
የአራተኛ ፎቅ መስታወት ዘፈነ፤
ጥላው የወይዘሮ ደብሪቱን አንሶላዎች
አንድ በአንድ እየረገጠ አለፈ።
ከታች አቶ ገረሱ «ዛሬስ አበዙት!» አለና
ወደ ዳማው ዞረ፤ ተራው ነበርና።

ለጥቂት እንላለን እኛ።
ታክሲው ለጥቂት አመለጠኝ። ልጁ ለጥቂት ወደቀ፣ በሁለት ነጥብ።
የቤት ዕጣ ሲወጣ የእኔ ቁጥር መጨረሻው ሰባት፣
ያሸነፈው ስምንት፤
ለዚህ ነው የሰው ቤት የምከራይ፤ ለጥቂት።
ጥቂት ግን ስንት ናት? በክንድ ናት? በስንዝር?
ማን ገብቶ ለካት፣ በዚያ ሁሉ ብረት ሥር?

ውስጥ የነበሩት አያውቁም።
አንዷ ልጇን እያጠባች ይሆናል፤
አንዱ ያወለቀውን ጫማ በእግሩ እየፈለገ፤
አንዱ «አሁን ደግሞ ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሰዓቱን አይቶ ይሆናል።
መኪና ማቆሚያው ጋ እቅፍ አበባ ይዞ የቆመው ዘመድ
ሒሳብ ጨመረበትና ተናደደ።
አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገዩ። በቃ።

እህቴ ማኅደር ማታ በሰርቪስ መጣች።
ደረጃውን እንደ ሌላው ቀን ሁለተኛው ላይ ሳታርፍ ወጣች።
«ውሃ መጣ?» አለች።
«መጣ።»
እጇን ታጠበች። እንደገና ታጠበች።
ባልዲው ወለሉ ድረስ ጎደለ፤
ቆጥቢ አላልኳትም።

ማማው ላይ በሰው አገር ቋንቋ ነው ሥራው፤
ቁጥርና ትእዛዝ፤ አጭር፤ ደረቅ።
ሁሉም ተቀድቷል። አለቆቿ ቁጭ ብለው ሰሙት፤
ድምጿ አልተንቀጠቀጠም አሉ፤ ወረቀት ላይም ጻፉት።
«እማዬ» ያለችው ግን
ጣቷን ከቁልፉ ካነሣች በኋላ ነው፤
እሱን መቅረጫው አላገኘውም።
ለእኔም የነገረችኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣
ለሽንኩርቱ እንደምትነግረው ሁሉ።

«ስንት ቀርቷቸው ነበር?» አልኳት።
ቢላዋውን አስቀመጠች።
በሁለት ጣቷ መሐል ክፍተት አሳየችኝ።
ከዚያ አጠበበችው።
ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ
«ጥቂት» አለችኝ።

ፒንሳው እስከ ዛሬ ሮቶው ውስጥ ነው።
ማክሰኞ ማክሰኞ ውሃው ትንሽ ብረት ብረት ይላል።
ብሎኩ ሁሉ ይጠጣዋል።