ቢጫው ቀጠና

ሥራዬ ካርታ ነው፤ ጥቅልል ተሸክሜ
ማኅተም መጠበቅ ነው፣ በየበሩ ቆሜ።
ሙሐረቅን በሙሉ፣ ባሕሩን ከነደሴቱ
በብብቴ ይዤ እወጣለሁ፣ ደረጃ በየዕለቱ።

ካርታው ላይ ቢጫ ነው የመኖሪያ ቀጠና፤
ቢጫ ላይ ማደር እንጂ መሸጥ የለምና
ኩንጁሞን ኬረላዊው፣ ከመስኮቱ አሻግሮ
ዳቦ ቢሸጥ ተቀጣ፤
ዳቦውም ተወሰደ፣ አንድ ባንድ ተቆጥሮ።

ሙንተሃም አለች፣ የከሚሴዋ ልጅ፤
የስፌት መኪና ያላት፣ የሌላት ደጅ።
ከአቡ መርዙቅ ጓሮ፣ ከመኪናዋ እግር ሥር
ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፣ ቢጫው እንዳይሸበር።
ደንበኛ የሚመጣው ማታ ነው፣ ጥቁር ፌስታል ይዞ፤
የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር
ይገባል እንደ ኮንትሮባንድ ተጉዞ።

አንድ ቀን ላሳጥር ሱሪዬን ወስጄ
«ልኬን አታውቂም ወይ?» አልኳት ቀልጄ።
«ልክህንስ አውቃለሁ፤ ልክ ያልሆነው ቤቴ፤
በናንተ ካርታ ላይ የት አለ ጉልበቴ?»
አለችኝ፣ ሦስት ስፒል በጥርሷ ነክሳ።

ዝም አልኩ።
ጨው የጫነ አህያ ስለ ወጥ ምን ያውቃል?

ከረመዳን ማግሥት ደንቡ ተሻሻለ፤
ነጋሪት አልተመታ፤ ማን ነበር እልል ያለ?
ኢንጂነር ሸይማ ብቻ፣ ሻይዋ እየቀዘቀዘ፣
በአሥራ አንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ
ቀጭን መስመር አሰመረች፣ ብርቱካን ቀለም የያዘ።
ትርጉሙ፦ ከላይ ማደር፣ ከታች በር መክፈት፤
ያለ ሰባት ማኅተም፣ በአንዲት ወረቀት።
ያን ጥቅልል ሳወርድ ደረጃው አጠረኝ።

ግድግዳው ተበሳ፤ አቧራው ሲጠራ
መኪናዋ ወጣች፣ ፀሐይ ልትጋራ።
ብርድ ልብሱን አጥባ ከደጇ አሰጣች፤
በሳምንት ዘጠኝ ቀሚስ በቀን ብርሃን ለካች።
ኩንጁሞን ለዳቦው ታፔላ ጻፈ፤
ፊደሉ ቢሳሳትም፣ ማንም ሳይገዛ አላለፈ።

«ሰፈሩ ሰፋ» ይላል የዓመቱ ሪፖርት።
እኔ የማውቀው ግን፣ በዚያች መርፌ፣ በዚያች መብራት
ሰፋችው።

ይህን ካልኩ አይቀር፣ ሌላውንም ልንገር፤
አቡ መርዙቅም ካርታ ያነባል፣ ይችላል መደመር።
ሃምሳ ዲናር ጨመረ፣ በአንድ ጀንበር።
እሷም አላለቀሰች። ሜትሯን አወረደች ከአንገቷ፤
የሱቁን ወርድ ለካች፣
ግማሹ ለአርኔል፣ ለስልክ ጠጋኙ፤ ግማሹ ለስፌቷ።

ያም አይፈቀድም።
አንድን ሱቅ ለሁለት መክፈል፣ ሌላ ደንብ ነው የሚገዛው፤
ረቂቁ ገና ሦስተኛ ፎቅ ነው፤
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤
እኔው ነኝ የምሸከመው።