ሳይለካ የተቆረጠ

መስኮት ቁጥር ሦስት ጋ፣ ፌስታል አንጠልጥዬ፣
የአራት ዓመት ደረሰኝ በነጭ ክር ጠቅልዬ፤
እኔ ሉባባ ነኝ፣ የሙጋዷ ሰፊ፣
ዕዳዬን ከፋይ ነኝ፣ አይደለሁም ጠፊ።

ሁለት ክፍል ቤቴን አስይዤ ስበደር፣
«ልዩ ልዩ» የሚል በውሉ መች ነበር?
ዋናውን አልካድኩም፣ ወለዱም ወለደ፤
ይሄ ዲቃላው ግን ከማን ዘር ወረደ?

ሐምሌ አምስት መጣሁኝ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
«ሲስተም የለም» አለኝ ዘበኛው መልሶ።
በስድስትም «የለም»፣ በሰባትም «ነገ»፤
ሲስተሙ ሲነቃ ቅጣት ደነገገ።
የተኛው ሲስተምህ፣ የተቀጣሁት እኔ፤
ሕግ ነው ይሄ ልጄ፣ ወይስ የባንክ ጠኔ?

«ገማች መጣ ሁለቴ» ይላል ወረቀቱ፤
ጭቃዬን የረገጠው የትኛው ጫማ፣ የቱ?

እኔ ሱሪ ስቆርጥ፣ ለክቼ ነው አስሬ፤
እዚህ ግን ሳይለካ ተቆረጠ ብሬ።

«ማመልከቻ ጻፊ፣ በሦስት ኮፒ» ተባለ፤
ጻፍኩት፤ መዝገብ ቤቱ ሳይቀበለው ዋለ።

ሰኞ ገበያ ቢሆንም፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል፣
ሜትሬን ባንገቴ አድርጌ፣ መስኮትህ ላይ ልውል።