ሁመር

ከዚራ ዛፉ ሥር፣ አዲስ የከፈቱት፤
ወንበሩ ቀርከሃ፣ ፋኖሱ ወረቀት፤
ፈትሂያ ጋበዘችኝ ደሞዟ የገባ ለት።

ሁለት ቀጭን እንጨት ጣቴ መሃል ሰክታ
«እንዲህ ነው» ትላለች፣ ከስልኳ ላይ አይታ።
ሩዙ ሸሸኝ።
አስተናጋጁ ደግሞ፣ የገንደ ቆሬው ልጅ፣ የማውቀው በኳስ፣
የሐር ኮት አንቆት፣ ሾርባ ይዞ ሲደርስ
«የባንኮክ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ፣ በለሆሳስ።

ፉት አልኩት።
ጉንጬን ከውስጥ ጨምድዶ ያዘኝ፤ አወቅሁት፦
ሁመር!
አክስቴ ዘሃራ ከፊራ በር ላይ በጣሳ የሰፈረችው፣
እኛ መጥጠን መጥጠን ፍሬውን ደቻቱ አሸዋ ላይ የተፋነው።

ሂሳቡ ሲመጣ ፈትሂያ በመዳፏ ከደነችው።
ዘገየች፤ አይቼዋለሁ።
በጣሳ እያሰላሁ፣
አክስቴን ከነጃንጥላዋ፣ ከነዝንቧ፣
ስንት በጋ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት።