ሃምሳ ግራም

ሃምሳ ግራም ናት፥ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የምትበልጥ፤
በብርማ ወረቀት ተጠቅልላ ከቅቤው ጎን የምትቀመጥ።
ስትገዛት ቀለሟን እይ፤ የጥርስ መልክ ካላት ውሰዳት፤
ጠርዟ ቡናማ ከሆነ ለባለሱቁ ተዋት፤
በጣትህ ስትነካት ትፈርፈር እንደ ደረቅ አፈር፤
ካሟለጨች ዕድሜዋ አልፏል፥ አትከራከር።

ውሃው ለብ ያለ ይሁን፥ ሕፃን የሚታጠብበት፤
ቁንጥር ስኳር ጣል አድርግ፤ ጨው ግን ይራቅ፥ ጨው ነው ጠላት።
አሥር ደቂቃ ጠብቃት። አረፋ ካነሳች አለች፤
ዝም ካለችህ አትቆጣት። ሞታለች።

በዚህ አገር ቋንቋ ስሟ «ሽማሪም» ነው፤
ዘበኛ ደግሞ «ሾሜር» ይባላል፥ እንጀራዬም እሱ ነው።
ከአፉላ አውቶቡስ ጣቢያ በር ቆሜ ቦርሳ የምፈትሽ፥
መንገደኛ የተፋውን የሱፍ ቅርፊት በጫማዬ የማሽ።
ሁለታችንም ከአንድ ቃል የተቦካን መሰለኝ፤
እሷ ሊጡን ትጠብቃለች፤ እኔን ማን ይጠብቀኝ?
«አንተ ስታንቀላፋ ሊጡ ገንፍሎ ወለል ላይ አገኘሁት»
ትለኛለች ትሁነኝ፥ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ።

ትሁነኝ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ዓርብ በአሥር ሰዓት ነው የምትገባ፤
የሰንበቱን ዳቦ የማቦካው እኔ ነኝ፥ ማንም አይግባ።
ለአንድ ዳቦ ግማሿ ይበቃል።
ሌላው ግማሽስ?

በወረቀት ጠቅልለህ፥ ክዳን ካለው ዕቃ ከተህ፥
ከፍሪጁ በር አርቀህ፥ ከጀርባው ጥግ ሸሽገህ
አሥር ቀን ታቆያታለህ።
በረዶ ቤት ከገባች ሦስት ወር። ስትወጣ ውሃ ሆና ትፈታለች፤
እንደ ጡረተኛ ቀስ ብላ፥ እያጉረመረመች ትሠራለች።

እኔ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነበረኝ። ወይዘሮ ሱልጣና፥ የመክነሷ።
አንድ ሳምንት ግማሹን ይዤ እወጣለሁ፥ አንድ ሳምንት ትወርዳለች እሷ።
«ሐጺ» ትላለች። «ግማሽ» እላለሁ።
ሰባት ዓመት ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም፥ ደህና ጎረቤቶች ነበርን።

ጥር ላይ፥ ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን ምንጣፏን አጥባ ሰቀለች፤
ከሌሊት ሥራ ገብቼ ተኝቻለሁ፤ ውሃው ጠብ፥ ጠብ፥ ትራሴ ላይ።
ጮኽኩ በአማርኛ። ጮኸች በራሷ።
ስድቡ አልገባንም፤ ድምፁ ግን ገባን።
ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል፤
በየሳምንቱ ሙሉዋን ገዛሁ፤ ግማሿ ሊጥ ገባች፥
ግማሿ ከፍሪጁ ጥግ ጠቆረች፥ ሸተተች፥ ፈታች።
ስጥላት ጣሪያውን አየሁ።
የእሷም ግማሽ እዚያ ላይ ይጠቁር ይሆናል።

ፋሲካ መጣ። እርሾ ከቤት ይውጣ፥ የተቦካ አይታይ።
ፍሪጁን በሆምጣጤ አጠብኩት፥ ፍርፋሪ በላባ ጠረግሁ፥
ቂጣ በላን ሰባት ቀን።
ያልተጠረገው ጠባችን ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ሲመሽ ጣቢያ ገባሁ። ሱቁ ሁሉ ዝግ።
ሙኒብ፥ የኢክሳሉ ሾፌር፥ የመጀመሪያውን አውቶቡስ አቁሞ
እጄ ላይ አንዲት ነገር አኖረ፦
«ዛሬ ማታ ከእናንተ አንዱ ይፈልጋታል፥ በየዓመቱ አውቃለሁ።»
ሃምሳ ግራም። ቀዝቃዛ። የጥርስ መልክ።

በእረፍቴ ሰዓት ወደ ቤት ሮጥኩ፥ እንዳትሞቅብኝ ሳልጨብጣት፥
በሁለት ጣቴ አንጠልጥያት።
የደረጃው መብራት እንደ ልማዱ መሀል ላይ ጠፋ።
ከላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ። የዱቄት ሽታ።
«ማነው?» አለች ጨለማው ውስጥ።
«ሽማሪም» አልኩ፥ ስሜ ጠፍቶብኝ።

በእጇ ገመሰቻት። እኩል አልነበረም፤
ትልቁ ለማን እንደደረሰ ማናችንም አላየንም።

ምንጣፉ ዛሬም ይንጠባጠባል።
ትራሴን ወደ እግርጌ አዙሬዋለሁ።